አማቴ የታሸገውን ሁሉ ከቤት አስወጡ

ጥያቄ

«የምጽፍልዎ ከቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ነው። ገላን አካባቢ በሚገኝ ፋብሪካ ተቀጥሬ እሠራለሁ። ጠዋት 12 ሰዓት ሳይሞላ ወጥቼ ማታ ከ1 ሰዓት ተኩል በኋላ እገባለሁ። የ9 ዓመት ወንድና የ4 ዓመት ሴት ልጅ አሉኝ። ምሳ ዕቃቸው ውስጥ ነጭ ዳቦ በማርማላት፣ ብስኩትና የካርቶን ጁስ እከትላቸዋለሁ፤ ማታ ድካም ሲያሸንፈኝ ደግሞ ኑድልስ እቀቅላለሁ። ባለቤቴ ከእኔ ቀድሞ ቢደርስም ኩሽና አይገባም። የታሸገ ነገር የተመረመረና ንጹህ ነው ብሎ ያምናል። ባለፈው ወር አማቴ ከፍቼ ከተማ መጥተው ‹ፋብሪካ የነካው ሁሉ መርዝ ነው› አሉና ብስኩቱን፣ ዘይቱን፣ የካርቶን ወተቱን፣ የፓኬት ጨው ሳይቀር ከቤት አስወጡ። አሁን ከሀገር ቤት ባመጡት ድፍን ጨው ነው የምናበስለው፤ ከሰፈሩ ላም አርቢ የሚገዙትን ወተትም ሳያፈሉ ለልጆቹ ይሰጣሉ። ትልቁ ልጄ መንጋጋውን ያመዋል፣ ሆዱ ይደርቅበታል፣ ሽሮ ሲቀርብለት ያለቅሳል። ለመሆኑ ምግብ በፋብሪካ የሚቀነባበረው ለምንድን ነው? ልጆቼን እየጎዳኋቸው ነው? በሚቀጥለው ወር የልጄ ልደት ነው፤ ኬክና ለስላሳ ልከልክለው? እባክዎ ይምከሩኝ።»

እናት፣ ከቱሉ ዲምቱ

መልስ

እህቴ፣ ጥያቄሽ ሰፊ ነው፤ ሁለት ነገሮች ግን ለነገ የሚባሉ አይደሉም። ወተቱ ሳይፈላ ለልጆቹ አይሰጥ። የፓኬቱ ጨውም ዛሬውኑ ወደ ኩሽናሽ ይመለስ። ሌላውን ቀስ ብለን እናየዋለን።

ጤነኛ የምትመስል፣ ጥሩ የምትታለብ ላም የከብት ነቀርሳንና ብሩሴሎሲስ የሚባለውን በሽታ በወተቷ ልታስተላልፍ ትችላለች። ብሩሴሎሲስ ትኩሳቱ እየተመላለሰ፣ መገጣጠሚያን እያሳመመ ሰውን ለወራት የሚያንገላታ ሕመም ነው። አማትሽ «እኛ ይህንኑ ጠጥተን አድገናል» ቢሉ እውነታቸውን ነው፤ እርሳቸው አድገዋል። ያላደጉትን ሕፃናት ግን ማን ቆጠራቸው? እርጎውም ቢሆን መኮምጠጡን ብቻ ተማምኖ ከጥሬ ወተት ሊዘጋጅ አይገባም። ወተቱ ገንፍሎ እስኪነሣ ይፍላ፣ ለብ እስኪል ይቀዝቅዝ፣ ከዚያ እርሾ የሚሆን እርጎ በማንኪያ ጣል ይደረግበት። ፋብሪካም የሚያደርገው ይህንኑ ነው፦ ወተቱን 63 ዲግሪ ላይ ለ30 ደቂቃ፣ ወይም 72 ዲግሪ ላይ ለ15 ሰከንድ ያሞቀዋል። አማትሽ ያስወጡት የካርቶን ወተት ደግሞ ከ135 ዲግሪ በላይ በሆነ ሙቀት ለጥቂት ሰከንዶች አልፎ፣ ጀርም በሌለበት ሁኔታ የታሸገ ነው። ሳይከፈት ወራት የሚቆየው በዚህ ምክንያት እንጂ ኬሚካል ተጨምሮበት አይደለም። መብራት በሚቆራረጥበት ሰፈር ማቀዝቀዣን አምኖ መኖር ለማይችል ቤተሰብ ይህ ትልቅ አገልግሎት ነው።

ጨውን በተመለከተ ነገሩ ይበልጥ ያሳስበኛል። በደጋው ሀገራችን አዮዲኑ ከአፈር ላይ በዝናብ ታጥቦ ስላለቀ፣ እዚያ የበቀለ እህልም የበላ ከብትም አዮዲን ያጥረዋል። በየገጠሩ በአንገት ላይ የምናውቀው እንቅርት የሚመጣው ከዚህ እጥረት ነው። ከእንቅርቱ የሚከፋው ግን ዓይን የማያየው ነው፤ ነፍሰ ጡር እናት አዮዲን ካጣች የጽንሱ አእምሮ በሚገባ ሳያድግ ይቀራል። ስለዚህ ነው መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2011 ባወጣው ደንብ ለምግብ የሚውል ጨው ሁሉ አዮዲን እንዲጨመርበት ያስገደደው። ከአፍዴራ የሚመጣው ጨው ፋብሪካ ገብቶ አዮዲን ሲረጭበት ተበላሸ ማለት አይደለም፤ ልጅሽን የሚጠብቅ ነገር ተጨመረበት ማለት ነው። አዮዲን ሙቀትና ብርሃን ያባርረዋልና ጨውን በተከደነ ዕቃ አስቀምጪው፣ ወጡ ላይም ከምድጃ ሊወርድ ሲል ጨምሪው። መጠኑን ግን አታብዢ። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው በቀን ከ5 ግራም በታች ይበቃዋል ይላል፤ አንድ የሻይ ማንኪያ እንኳ አይሞላም። ለልጅ ደግሞ ከዚያም ያንሳል።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄሽ ልግባ፤ ምግብ ለምን ይቀነባበራል? አማትሽ ሳያውቁት ዕድሜ ልካቸውን ምግብ ሲያቀነባብሩ ነው የኖሩት። ጤፍን ማንም እንደወረደ አይበላውም። ይፈጫል፣ በእርሾ ተቦክቶ ሁለት ሦስት ቀን ይቆያል፣ ይጋገራል። በመቡካቱ ጊዜ በእህሉ ውስጥ ብረትንና ዚንክን አስሮ የሚይዘው ፋይቲክ አሲድ የሚባል ነገር ይቀንሳል፤ ሰውነታችንም ማዕድኑን ያገኛል። ቅቤ ሲነጠር ውሃውና የወተቱ ዝቃጭ ይወጣና ሳይሻግት ይከርማል። ሥጋ ቋንጣ ሆኖ ለወራት የሚቀመጠው ውሃው ስለሚወጣ ነው፤ ጀርም ያለ ውሃ አይራባም። ጓያን ዘፍዝፎ ውሃውን መድፋት እግር የሚያሽመደምደውን መርዝ ይቀንሳል። ቆጮው፣ በሶው፣ ሽሮው፣ ድርቆሹ ሁሉ በእናቶች እጅ የተቀነባበረ ምግብ ነው። ዓላማውም ግልጽ ነበር፦ እህሉ እንዲከርም፣ እንዲፈጭና እንዲዋሃድ፣ እንዳይጎዳ፣ መንገደኛም ይዞት እንዲሄድ።

ፋብሪካም መጀመሪያ የተነሣው ለዚሁ ዓላማ ነው። ኒኮላ አፔር የሚባል ፈረንሳዊ ምግብን በጠርሙስ ከትቶ፣ አፉን አጥብቆ ደፍኖ በፈላ ውሃ ውስጥ ቢቀቅለው ለረጅም ጊዜ እንደማይበላሽ አሳየና እ.ኤ.አ. በ1810 ከመንግሥቱ 12,000 ፍራንክ ተሸለመ። ለምን እንደማይበላሽ እርሱም አያውቅም ነበር፤ ጀርሞች መሆናቸው የታወቀው ከግማሽ ምዕተ ዓመት በኋላ በሉዊ ፓስተር ሥራ ነው። የቲማቲም ድልኽ በቆርቆሮ፣ ማካሮኒው፣ የተፈላው ወተት በየሱቁ የሚገኙት የዚህ ጥረት ልጆች በመሆናቸው ነው። የአዲስ አበባ ዳርቻ በየዓመቱ እየሰፋ፣ የእርሻው መሬት ኮንዶሚኒየም እየሆነ ሲሄድ፣ ምግብ ከሩቅ መጥቶ ሳይበላሽ መድረስ አለበት። ያለ ማቀነባበር ይህ ሁሉ ሕዝብ አይጠግብም።

ይሁን እንጂ ለመቆየት ሲባል የሚከፈል ዋጋ አለ። ነጭ ዳቦሽን ውሰጂ። የስንዴው ሽል ዘይት ስላለው ዱቄቱ ቶሎ ይበላሻል፤ ስለዚህ ሽሉም ሽፋኑም ተለይተው ይወጣሉ፣ ነጩ ዱቄት ለወራት ይቀመጣል። የወጣው ፉርሽካ ለከብት መኖ ይሸጣል። ሆድን ከሚያለሰልሰው አሰሩ፣ ከብረቱና ከቢ ቫይታሚኖቹ ብዙው የሄደው እዚያ ነው። የልጅሽ ሆድ መድረቅ ቁርሱም ምሳውም አሰር የሌለው ከመሆኑ ጋር ሳይያያዝ አይቀርም።

ከዚህ ባሻገር ሌላ ዓይነት ማቀነባበር አለ፤ የአማትሽ ቁጣ እውነት የሚሆነውም እዚህ ላይ ነው። ካርሎስ ሞንቴይሮ የሚባሉ የብራዚል ሳይንቲስት ከሳኦ ፓውሎ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ2009 እጅግ የተቀነባበሩ ምግቦች ብለው ለይተው ያወጧቸው ናቸው። እዚህ ውስጥ እህሉ ወይም ፍሬው ራሱ የለም ማለት ይቻላል። ከበቆሎ፣ ከስንዴ፣ ከዘንባባ ተነጥለው የወጡ ስታርች፣ ስኳርና ዘይት ይደባለቃሉ፤ ቀለም፣ ጣዕምና ሽታ ሰጪ፣ ዘይትና ውሃን አዋህዶ የሚይዝ ነገር ይጨመርባቸዋል። ጥሬ ዕቃው ርካሽ ነው፣ ዕድሜው ረጅም ነው፣ ሳይታኘክ ይዋጣል፣ አንዱ ሲበላ ሌላውን ያስመኛል። ዓላማው ተቀይሯል ማለት ነው፤ አንቺን ከማጥገብ ይልቅ ደጋግመሽ እንድትገዢ ማድረግ ሆኗል። ስለዚህ ከእንግዲህ አንድ እሽግ በእጅሽ ስትይዢ «ፋብሪካ ነክቶታል ወይ?» ብለሽ አትጠይቂ። «ይህ የተደረገበት ለማን ጥቅም ነው?» ብለሽ ጠይቂ።

ይህ የእኔ ስሜት ብቻ አይደለም። በአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋም ኬቪን ሆል የሚባሉ ተመራማሪ 20 ሰዎችን በተቋሙ ውስጥ አስቀምጠው ለሁለት ሳምንት እጅግ የተቀነባበረ፣ ለሁለት ሳምንት ደግሞ ብዙም ያልተቀነባበረ ምግብ አቀረቡላቸው። በሁለቱም ገበታ የቀረበው ካሎሪ፣ ስኳር፣ ስብ፣ ጨውና አሰር እኩል እንዲሆን ተደርጎ ነበር፤ የፈለጉትን ያህል መብላትም ይችላሉ። እ.ኤ.አ. በ2019 በወጣው ውጤት መሠረት፣ እጅግ የተቀነባበረው ሲቀርብላቸው በቀን 500 ያህል ካሎሪ ጨምረው በሉ፤ ክብደታቸውም ወደ አንድ ኪሎ ገደማ ጨመረ። በሌላው ገበታ ያንኑ ያህል ቀነሱ። ይበሉ የነበረውም ፈጥነው ነው፤ ሆዳቸው በቃኝ ሳይል ምግቡ አልፎ ይሄድ ነበር። ብዙ ሺህ ሰዎችን ለዓመታት የተከታተሉ ሌሎች ጥናቶችም እንዲህ ያለውን ምግብ የሚያዘወትሩ ሰዎች ከመጠን ላለፈ ውፍረት፣ ለሁለተኛው ዓይነት የስኳር በሽታና ለልብ ሕመም ይበልጥ ሲጋለጡ አግኝተዋል። እንደነዚህ ያሉ ጥናቶች ብቻቸውን ምክንያቱን አያረጋግጡም፤ ሁሉም ወደ አንድ አቅጣጫ ሲያመለክቱ ግን እናት ዝም ብላ መጠበቅ የለባትም።

ቤትሽ ወዳለው ልምጣ። ኑድልስ እ.ኤ.አ. በ1958 በጃፓን በሞሞፉኩ አንዶ የተፈለሰፈ ነው፤ ከጦርነት በኋላ በነበረው ችግር ቶሎ ደርሶ ሰው የሚያጠግብ ነገር ፍለጋ። ሊጡ በእንፋሎት ከበሰለ በኋላ በዘይት ይጠበስና ውሃው ይወጣል፤ በሦስት ደቂቃ የሚለሰልሰው ለዚህ ነው፣ ዘይት የሚበዛበትም ለዚህ ነው። አብዛኛው ጨው ያለው በትንሿ ከረጢት ውስጥ ነው። በአንድ እሽግ ከ2 ግራም የማያንስ ጨው የያዙ ብዙ ናቸው። ጀርባው ላይ ሶዲየም ተብሎ የተጻፈውን በሁለት ተኩል ስታባዢው የጨውን ልክ ታገኛለሽ። ፈጽሞ አታስገቢ አልልሽም። በሳምንት አንድ ቀን ሲሆን፣ ከረጢቷን ግማሽ ብቻ አድርጊና እንቁላል ምቺበት፣ ካሮትና ጎመን ክተፊበት። በየማታው መሆኑ ግን ይቅር።

ከሁሉ አስቀድሜ ከምሳ ዕቃው የማስወጣው ጁሱን ነው። አብዛኛው የካርቶን ጁስ ውሃ፣ ስኳርና ጥቂት የፍሬ ጭማቂ ነው። በእሽጉ ላይ የተዘረዘሩት ነገሮች የሚጻፉት ከሚበዛው ወደሚያንሰው ነው፤ ስኳር ከመጀመሪያዎቹ ሦስት ውስጥ ከገባ ጣፋጭ ነው የገዛሽው። የዓለም ጤና ድርጅት የተጨመረ ስኳር ከቀኑ ካሎሪ 10 በመቶ እንዳያልፍ፣ ቢቻል ከ5 በመቶ እንዲያንስ ይመክራል። ይህ ለአዋቂ ሰው 25 ግራም አካባቢ ማለት ነው። 330 ሚሊ ሊትር ለስላሳ ብቻውን ወደ 35 ግራም ይይዛል። የልጅሽ መንጋጋ ሕመም ከዚህ የራቀ አይመስለኝም፤ ጥርስ ላይ ያሉ ጀርሞች ስኳሩን ወደ አሲድ ይለውጡታል፣ የሚጣበቅ ብስኩት ሲጨመርበት ደግሞ አሲዱ ለሰዓታት ይቆያል። የወተት ጥርስ ነው፣ ይወልቃል ብለሽ እንዳትተዪው። በ9 ዓመቱ ቋሚ መንጋጋዎቹ በቅለዋል። በዚህ ሳምንት ጥርስ ሐኪም ዘንድ ውሰጂው። በጁሱ ቦታ ፈልቶ የቀዘቀዘ ውሃና አንድ ሙዝ ወይም ብርቱካን ይበቃዋል።

ዘይቱን አማትሽ ማስወጣታቸው ግማሽ እውነት አለው። የሚረጋው የፓልም ዘይት ግማሽ ያህሉ የደም ኮሌስትሮልን ከፍ የሚያደርገው ሳቹሬትድ የሚባለው የስብ ዓይነት ነው። አቅም ሲፈቅድ የኑግ ወይም የሱፍ ዘይት ግዢ፤ ካልሆነም ያለውን ቀንሺ። ትምህርት ቤት በር ላይ በጠቆረ ዘይት የሚጠበሰው ችብስና ሳምቡሳ ከቤትሽ ዘይት ይበልጥ ያሳስበኛል፤ ለልጅሽ የምትሰጪውን የኪስ ገንዘብ አስቢበት። አንድ ነገር ልጨምር፦ በጾም ወራት ብዙ እናቶች «የጾም» የሚል ጽሑፍ አይተው ብስኩትና ማርጋሪን ያበዛሉ። ጽሑፉ የእንስሳት ተዋጽኦ የለበትም ይላል እንጂ ስኳርና ስብ የለበትም አይልም።

ባለቤትሽም ሙሉ በሙሉ ተሳስቷል አይባልም። ፋብሪካ ያልነካው ሁሉ ንጹህ አይደለም። በርበሬ ከሸክላ አፈር ጋር፣ ቅቤ ከባዕድ ነገር ጋር ተደባልቆ በገበያ ሲሸጥ ሁላችንም ሰምተናል። ንጽሕና ግን አንድ ጥያቄ ነው፣ ገንቢነት ሌላ ነው። ብስኩት ጀርም የሌለበት ሊሆን ይችላል፤ ልጅን አያሳድግም።

ልጆችሽን እየጎዳሻቸው እንደሆነ ጠይቀሻል። ያደረግሽው ሌላ መንገድ ሳይታይሽ፣ ደክመሽ፣ እንዳይርባቸው ብለሽ ነው። ያጣሽው ጊዜ ነው፤ ጊዜን ለሚያጣ ሰው የተሠራ ምግብ ደግሞ ሀገራችን ሞልቷታል። ድርቆሽ ምንድን ነው? በቁሌት ላይ ጣል አድርገሽ በአምስት ደቂቃ ፍርፍር የሚሆን እንጀራ ነው። መጥን ሽሮ በርበሬውና ቅመሙ አብሮ የተፈጨ ስለሆነ ከኑድልስ ብዙም አይዘገይም። በሶ በውሃና በትንሽ ማር ተበጥብጦ ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ለሚወጣ ቤተሰብ ቁርስ ነው። እሑድ የተቀቀለ ምስርና ሽምብራ፣ መብራት ካልተቆራረጠ፣ ማቀዝቀዣ ውስጥ እስከ ረቡዕ ይቆያል። ለምሳ ዕቃ ንፍሮ፣ የተቀቀለ እንቁላል፣ ድንች፣ ድፎ ዳቦ ከሙሉ ስንዴ፤ የሰፈሩ ወፍጮ ቤት ፉርሽካውን ሳያወጣ ይፈጭልሻል። ቆሎ ለትንሿ ልጅሽ አትስጪ፣ በ4 ዓመቷ ጉሮሮዋ ላይ ሊሰነቀር ይችላል። የትልቁም ጥርስ እስኪታከም ይቆይ።

ይህን ሁሉ ግን አንቺ ብቻ ልትሠሪው አይገባም። ባለቤትሽ ከአንቺ ቀድሞ የሚገባ ከሆነ ሽሮ ማንተክተክ፣ እንቁላል መቀቀል፣ ወተት ማፍላት ይችላል። የታሸገ ምግብ ንጹህ ነው ብሎ ለመከራከር ጊዜ ያለው ሰው ሽንኩርት ለመክተፍም ጊዜ አለው። ይህንን ዓምድ ቢያነበው ደስ ይለኛል።

ከአማትሽ ጋር ደግሞ አትከራከሪ። ሙያቸውን ጠይቂያቸው። «እማማ፣ የእርስዎን ሽሮና በሶ የሚተካከል የለም፤ ሳይመለሱ ለሦስት ወር የሚሆነንን ያዘጋጁልን፣ ድርቆሹንም ያሳዩን» በያቸው። የወተቱንና የጨውን ጉዳይ ከእኔ ወይም ከጤና ጣቢያው ባለሙያ እንደሰማሽ አድርገሽ፣ በተለይ በልጃቸው አንደበት እንዲነገራቸው አድርጊ። ከምራት ይልቅ ከልጅ ሲመጣ ይቀላል።

ልጅሽ ሽሮ ሲያይ ማልቀሱ አያስደንግጥሽ። ምላሱ ጨውና ስኳር የበዛበትን ለምዷል፤ የለመደውም ይረሳል፣ ግን በሳምንታት እንጂ በአንድ ማታ አይደለም። ሽሮውን ቅጠን አድርጊው፣ በርበሬውን ቀንሺ፣ ንጥር ቅቤ ጠብ አድርጊበት። ትንሽ አቅርቢለትና ባይጨርስም አትቆጪው፤ በምትኩ ብስኩት ግን አትስጪው። ዱቄቱን ሲበጠብጥና ሲያማስል አባቱ አጠገብ ያቁመው፤ ልጆች ራሳቸው የሠሩትን ለመቅመስ ይደፍራሉ። ውሃ በደንብ ይጠጣ፤ ሆዱ ከሁለት ሦስት ሳምንት በኋላም ካልለሰለሰ ለሐኪም አሳዪው።

ልደቱን አትከልክይው። ኬኩ ይቆረስ፣ ለስላሳውም ይቅረብ፣ ጓደኞቹም ይጠሩ፤ ዓመት ጠብቆ የሚመጣ ነገር ማንንም አይጎዳም። ከኬኩ በፊት ግን ልጆቹ የምሳ እህል ይቅመሱ፣ ማታ ሳይተኙም ጥርሳቸውን ይቦርሹ። የተረፈውን ለስላሳ ለማግስቱ ምሳ ዕቃ አታስቀምጪ።